ስኬል የሚያስለቅሳቸው ሰዎች

ዶ ሬ ሚ ፋ ሰምቶ የሚያለቅስ ሰው ያየሁት በዚያ ዓመት ሁዳዴ ብቻ ነው። ያውም አንድ ሁለት ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሰፈሩ እንዳለ ነው። የደብረ ማርቆስ ሰው ለሙዚቃ እንዲህ ሆደ ቡቡ መሆኑን ከዚያ በፊት ማንም ነግሮኝ ስለማያውቅ፣ የእኔ ችሎታ ነው ብዬ አመንኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ስለ ራሱ ብዙ ነገር ያምናል።

ዛይሎፎን የሚባለውን፣ በመምቻ የሚመታ የእንጨት ሙዚቃ መሣሪያ፣ ቤት ያመጣልኝ አጎቴ መሳፍንት ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን በከተማው የወጣቶች ሙዚቃ ክበብ ያስተምር ነበር። ክበቡ ሁለት ዛይሎፎኖች ነበሩት። ትልቁ ከክፍሉ አይወጣም። ትንሹ ግን አንዱ እንጨቱ ስለተሰነጠቀ ፈላጊ አልነበረውም፤ አጎቴ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በባጃጅ ጭኖ አመጣውና «ላንቺ ይበቃል» አለኝ። እንጨቶቹ ከግራ ወደ ቀኝ እያጠሩ ይሄዳሉ፤ ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ አለው። የተሰነጠቀው ፋ ነበር። ሲመታ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል።

በመጋቢት ከአዲስ አበባ ፈታኞች ይመጣሉ ተባለ። የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ነው፤ ሁለት ስኬል (ዶ ሬ ሚ ፋን ወጥቶ መውረድ ነው)፣ አንድ አጭር ዜማ፣ አይቼው የማላውቀውን ኖታ ማንበብ፣ ከዚያ ፈታኙ ያጨበጨበውን ምት ሰምቶ መልሶ ማጨብጨብ። ከክበቡ እስከዚያ ቀን ተፈትኖ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። «የመጀመሪያዋ አንቺ ትሆኛለሽ» ብሎኛል አጎቴ፤ ይህን ከሰማሁ በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም አልቻለኝም።

የቸገረኝ ሮል የሚሉት ነገር ነው። እንጨት ድምፁን አያቆይም፤ ሲመቱት ቶሎ ይጠፋል። ረጅም ድምፅ ሲያስፈልግ ያንኑ እንጨት በሁለቱም መምቻዎች፣ ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ፣ ቶሎ ቶሎ መምታት ነው። የእኔ ቀኝ እጅ ትሮጣለች፣ ግራዬ ትጎተታለች።

«ሰሚው መምቻውን መስማት የለበትም» ይለኝ ነበር አጎቴ። «ድምፁ ሳይቋረጥ የቀጠለ መስሎት መቀመጥ አለበት። እስቲ እንደገና።»

ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። በአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ስመለስ መጀመሪያ የምሰማው ሮልሽን ነው!» አለኝ። ለፈተናው ቀን እንደሚደርስ ቃል ገብቶልኛል።

አባቴ እንዳላማው በወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የወፍጮው ጩኸት ሲወቅጠው ውሎ፣ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ሲገባ፣ ማንኪያ ሳህን ላይ ቢወድቅ እንኳ ይቆጣል። «ጆሮዬን ተዉልኝ!» ይላል። ስለዚህ የምለማመደው እሱ ሳይመጣ ነው፤ የውጭው ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ መምቻዎቹ ትራስ ሥር ይገባሉ። እናቴ ሥራነሽ ነፍሰ ጡር ነበረች። እግሯ አብጦ፣ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ፣ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሣና ምንም ነገር እንዳያስደነግጣት አጥብቆ አዝዟታል። አለመደንገጥ የሚባል መድኃኒት መኖሩ ይገርመኝ ነበር። አልጋዋ ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ ከመጋረጃ ወዲያ ነው፤ የምመታውን ሁሉ ትሰማለች።

አጎቴ በሄደ ማግስት አባቴ «እህል አይቼ ልምጣ» ብሎ በሌሊት ወደ ደብረ ወርቅ ሄደ። ደብረ ወርቅ የእነ እናቴ አገር ነው። ማታ ሲመለስ የበሩን ድምፅ አልሰማሁትም፤ ቀና ስል ከፊቴ ቆሟል። መምቻዎቹ እጄ ላይ ናቸው። ደርቄ ቀረሁ።

«ለምን አቆምሽ?» አለኝ።

«መጣህ ብዬ።»

ዱቄት የሌለበት ፊቱን ብዙ አይቼው ስለማላውቅ ሌላ ሰው መሰለኝ። በርጩማ ሳበና ተቀመጠ።

«ምቺ እንጂ። ፈተና አለብሽ አይደል? ምቺ።»

መታሁ። እስክጨርስ ሰማኝና «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ከመጋረጃው ወዲያ የእናቴ አልጋ ተንቋቋ። እኔ ያን ማታ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴን ያህል ሰው አሸንፌያለሁ።

በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ያለምወርቅ ሌሎች ሴቶች አስከትለው መጡ። እትዬ ያለምወርቅ ቀልድ የማያውቁ፣ ሠርግ ላይ እንኳ ቆጣ ብለው የሚጨፍሩ ሴት ናቸው። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ሴቶቹ ወዲያው አልገቡም። በራችን ላይ ቆሙና ነጠላቸውን ፈትተው እንደገና ለበሱት፤ አንገታቸው ሥር የነበረው ጥለት ወደ ታች ወረደ። አንዷ የሌላዋን አስተካከለችላት። ዓይናቸውን ጠራረጉ። ለእኔ ሲሉ መሰናዳታቸው ነው ብዬ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ።

«ሥራነሽ፣ እንዴት ዋልሽ? ሂዊን ልንሰማ ነው የመጣነው» አሉ እትዬ ያለምወርቅ።

«ሂዊን?» አለች እናቴ።

«ፈተና አለባት አሉ እኮ! እስቲ አንቺ ልጅ፣ ምቺልን።»

የዶን ስኬል መታሁላቸው። ወደ ላይ ወጥቼ ሳልወርድ አንደኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሁለተኛውን ስኬል ስጀምር ሌላዋ አንገቷን ደፋች። ዜማው ላይ ስደርስ እትዬ ያለምወርቅ ብድግ ብለው ወጡ፤ ደጅ ላይ ሲናፈጡ ሰማኋቸው። ተመልሰው ሲገቡ «ጭሱ ነው» አሉ። ቤታችን ውስጥ እሳት አልነደደም ነበር።

ሐዘንተኛ ሴት ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ እንደምትለብስ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ማን ነግሮኝ! የአጎቴ አውቶቡስ ደጀንን አልፎ የዓባይ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ነበር። አባቴ ደብረ ወርቅ የዋለው እህል ሲያይ ሳይሆን የእናቴን ወንድም ሲቀብር ነው። እናቴ እስክትገላገል ድረስ እንዳትረዳ ተመከረ፤ ከሰማች ወይ እሷን ወይ የሆዷን ልጅ እናጣለን ብለው ፈሩ። ሰው የሞተበት ቤት ሙዚቃ አይመታም። እኔ እስከመታሁ ድረስ እናቴ ምንም አትጠረጥርም ማለት ነው። ድንኳን አይጣል፣ አይለቀስ፤ ጎረቤት ደግሞ ሳይደርስ መቅረት አይችልም። ስለዚህ ልምምዴ ላይ እየመጡ ለቅሶ ተቀመጡ። ይህን ሁሉ አባቴ የነገረኝ ከዓመታት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ሊያደርሰኝ አብረን ስንሄድ፣ እዚያው ዓባይ በረሃ ውስጥ ነው። በመስኮቱ ወደ ገደሉ እያየ ነው የነገረኝ፤ ወደ እኔ አልዞረም።

ታዳሚዎቼ በየቀኑ መምጣት ቀጠሉ። ወንዶችም መጡ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት መሬት እያዩ ይሰሙኛል፤ ሲወጡ አባቴን ትከሻውን ይይዙታል። እኔ እንዲህ ያለች ልጅ ስለወለደ የሚያመሰግኑት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ያለምወርቅ በሩ ላይ ለአባቴ «ይህች ልጅ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» ሲሉ ሰማሁ። እሱም «እስክትገላገል ብቻ» አለ። ስለ ምን እንደሚያወሩ አልጠየቅሁም፤ የመጀመሪያው ንግግር ለእኔ በቂ ነበር።

ጊዜው ሁዳዴ መሆኑን አትርሱ። በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ። ሰፈሩ ሬዲዮውን ሳይቀር ይቀንሳል። ነገሩን ያልሰማ አንድ ሽማግሌ በአጥራችን ሲያልፍ «በጾም የምን ዳንኪራ ነው!» ብሎ ጮኸብን። በማግስቱ የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ገብርኤል መጡ። አለቀልኝ ብዬ ዛይሎፎኑን በጋቢ ሸፈንኩት። አባ መስቀላቸውን አሳለሙኝና ተቀመጡ።

«የታለ ጣውላሽ? እስቲ ምቺ» አሉ።

«አባ፣ በሁዳዴ?» አለች እናቴ።

አባ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ትምህርት ነው ልጄ። ትምህርት ጾም አያፈርስም። ትምታ።»

«ይፍቱኝ አባ፤ እኔ እንኳ እስከ ትንሣኤ ቢቆይ ብዬ...»

«ትምታ አልኩ እኮ።»

እኔም ለእኔ ሲባል ጾሙ እንኳ መላላቱን ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። የጮኸብን ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ በበራችን ሲያልፍ ኮፍያውን ያነሣ ጀመር።

ከአጎቴ ጋር ግን በስልክ የሚያገናኘኝ አልተገኘም። አባቴ አንዳንድ ማታ ስልኩን ይዞ ወደ ግቢ ይወጣና ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። «መሳፍንት ነው። ሰላም በሉልኝ ብሏል። ሂዊ ስኬሏን ታጥና ብሏል።»

«ለምን አላገናኘኸኝም?» እላለሁ።

«ካርድ አለቀበት።»

አንድ ማታ እንዲሁ ሲመለስ እናቴ «ሳሉስ? ተሻለው?» አለችው።

አባቴ በሩ ላይ ቆመ። «ተሽሎታል። ዝንጅብል እያፈላሁ ነው አለኝ።»

«እሰይ» አለች።

እሱ ሲወጣ ወደ አልጋዋ ሄድኩ። «እማ፣ አጎቴ ሳል ይዞት ነበር እንዴ?» መናኸሪያ ስሸኘው ከሾፌሩ ረዳት ጋር ሲሳሳቅ ነው የሄደው፤ አንዴ እንኳ አላሳለውም። እናቴ አተኩራ አየችኝ። ከዚያ ፀጉሬን በእጇ ወደ ኋላ መለሰችልኝ።

«የመጨረሻውን ሮል አላስተካከልሽውም። ሂጂ፣ አስተካክዪው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዬ እሷ ሆነች። አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ታጨበጭባለች፤ እኔ ከአልጋው ሥር ተቀምጬ እመልሳለሁ። ስሳሳት «እንደገና» ትላለች፤ ድምፅዋ የአጎቴን ይመስላል፤ እህትና ወንድም አይደሉ! አንዳንዴ ምቷ ፈተናው ከሚፈልገው ይረዝማል፣ ማቆም ትረሳለች። ሁልጊዜ የምትመለስበት አንድ ምት ነበራት፤ ቀስ ያለ፣ ሁለት አጭርና አንድ ረጅም። እኔም ሳላዛንፍ መለስኩላት። አድጌ ለቅሶ ቤት መሄድ ስጀምር ያንን ምት ሰማሁት። ሴቶች ደረታቸውን ሲመቱ ነው።

ሰው ሲሞላ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ሆዷን አሟት ነው እያልኩ ቀስ ብዬ እመታላት ነበር። እጄ ውኃ እስኪቋጥር ተለማመድኩ። ግራዬ ቀኜን ደረሰችባት፤ ሮሉ ረጋ። እናቴ «እንዲህ ነው» ስትለኝ፣ አጎቴ ሲመጣ የሚያደርገውን እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አባቴ ወፍጮውን ትቶ ራሱ ወደ ክበቡ ወሰደኝ። በመንገዳችን በሚቆም አውቶቡስ ሁሉ በር ላይ አጎቴን ፈለግሁ። «መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል» አለ አባቴ፤ እጄን ግን ጥብቅ አድርጎ ይዞኛል። ፈታኟ መምህርት ወንጌላዊት የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። ትልቁን ዛይሎፎን ስመታ መጀመሪያ ፋው ጉንፋን ስለሌለው ግራ ገባኝ፤ ሁለተኛው ስኬል ላይ ተሳሳትኩ። ኖታ ንባቡም አላማረልኝም። ጭብጨባው ግን አንድም አልሳትኩ። የዜማው መጨረሻ ላይ ሮሉ ሲመጣ እጄን ረሳሁት።

«ማነው ያስተማረሽ?» አሉኝ መምህርት ወንጌላዊት።

«አጎቴ መሳፍንት። እዚሁ ነው የሚያስተምረው። ሥልጠና ሄዶ ነው፤ ዛሬ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር።»

ሴትዮዋ በሩ ላይ የቆመውን አባቴን አዩት። አባቴ ራሱን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና «ያችን ሮል ድገሚልኝ» አሉኝ። «ለፈተናው አይደለም፤ ልስማት ብዬ ነው።»

ከመቶ ስልሳ ስምንት አገኘሁ። ማለፊያው ስልሳ ነበር። አባቴን ጥዬው ሩጬ ቤት ገባሁ።

እናቴ መጋረጃውን ገልጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ መሬት ነክቷል። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ! ስልሳ ስምንት!»

«ሁሉንም? የቀረሽ ፈተና የለም?»

«ምንም የለም።»

ሳብ አድርጋ ግንባሬን ሳመችኝ። «እሰይ የኔ ልጅ። በይ ሂጂና እትዬ ያለምወርቅን ጥሪያቸው። አባንም ጥሪ። በየቀኑ ሊሰሙሽ የሚመጡትን ሁሉ፣ ሥራነሽ ትጠራችኋለች በያቸው።»

ድግስ መሰለኝ። በየቤቱ «ስልሳ ስምንት! እማ ትጠራችኋለች!» እያልኩ ሮጥኩ። እትዬ ያለምወርቅ ይህን ሲሰሙ የያዙት ጆግ ከእጃቸው ወደቀ። ደስታ ነው ብዬ አለፍኳቸው።

እኔ ስሮጥ ቤት ውስጥ የሆነውንም አባቴ ነው ያጫወተኝ። ከኋላዬ ደርሶ ሲገባ እናቴ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጥለቱን እያየች ነበር።

«እንግዲህ ወንድሜን ላልቅስበት» አለችው።

ግድግዳውን ተደገፈ። «ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነሃ! ከአገሬ መጥተህ ልጅቷን ምቺ ያልካት ማታ። አንተ እንዳላማው፣ ማንኪያ ሲወድቅ የምትጮኸው ሰውዬ! ከዚያ አባ በሁዳዴ ትምታ አሉ። ከዚያ ያልነበረ ሳል አዳንክልኝ። ከዚህ ወዲያ ማን ይንገረኝ?»

«ይህን ሁሉ ቀን... እንዴት ቻልሽው?»

«እናንተም ለእኔ ብላችሁ እንባችሁን ስትውጡ እሰማ ነበር። ለሆዴም ፈራሁ። ያን ማታ ብጮህ ደግሞ ልጅቷ አትፈተንም ነበር፤ እሱ እንዲያ የለፋባትን።» ከዚያ ነጠላዋን ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለበሰች። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ከዚህ በላይ መቀጠል አልቻለም።

ሰዎቹን አስከትዬ ስመለስ ማንም በሩ ላይ ቆሞ ነጠላውን አላስተካከለም። ገና ግቢው ውስጥ ሳለን የእናቴን ድምፅ ሰማነው። ቃል የለውም፤ ጩኸት ብቻ ነው። እትዬ ያለምወርቅ እየጮኹ ሮጡ፤ ሴቶቹ ተከተሏቸው። ስገባ እናቴ ቆማ ደረቷን ትመታለች፤ ሴቶቹ ሆዷን እንዳትጎዳው እጇን ይይዛሉ፤ አባቴ ማዕዘኑ ላይ በእጁ ፊቱን ሸፍኗል። የፈሩላት አልደረሰባትም፤ ይታያል ያልነው ወንድሜ ከጥቂት ቀናት በኋላ በደህና ተወለደ። ይህን ግን ያን ዕለት ማንም አያውቅም። እኔማ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመቶ ስልሳ ስምንት ማምጣቴን።

በሴቶቹ መካከል ተሹለክልኬ ቀሚሷን ያዝኩ።

«እማ፣ ስልሳ ስምንት ትንሽ ነው? ሁለተኛውን ስኬል ስለተሳሳትኩ ነው። በሚቀጥለው የተሻለ አመጣለሁ፤ አታልቅሺ።»

አንዷ ሴት ልታወጣኝ ክንዴን ሳበችኝ። እናቴ «ተዪያት» አለቻት። ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ስልሳ ስምንት ብዙ ነው የኔ ልጅ። በጣም ብዙ ነው። ሂዊዬ፣ አጎትሽ ሞቷል። አይመጣም።»

ውሸት ነው እንዲሉኝ ዞሬ ሰዎቹን አየኋቸው። አባቴን አየሁት፣ እትዬ ያለምወርቅን አየኋቸው፣ በሩ ላይ የደረሱትን አባን አየኋቸው። አንድም የደነገጠ ሰው አልነበረም።